ለዝግጅት ኮሜዲያን ስትጠሩ፦ ከቀብድ እስከ ማይክ

በመሥሪያ ቤት ዓመታዊ ምሽት ላይ ቀልድ ሲከሽፍ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው መድረክ ላይ በወጣው ሰው ነው። ግን አስተናጋጆች ሰሃን እያንኳኩ፣ ግማሹ እንግዳ ለመድረኩ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳውንድማኑ ለዘፋኝ የከፈተውን ኤኮ ሳይዘጋ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከፊት ኮስተር ብለው ተቀምጠው፣ በከተማው አንደኛ የተባለ ኮሜዲያንም አያስቅም። እነዚህ ሁሉ የአዘጋጁ ሥራዎች ናቸው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያም በአዘጋጁ እጅ ባሉ ነገሮች ላይ ያተኮረ ነው። መነሻችን አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል አዳራሽ ከ150 እስከ 300 ሰው የሚገኝበት የድርጅት ምሽት ነው፤ ሠርግና ውጭ አገር የሚደረጉ ዝግጅቶች በምን እንደሚለዩ ወደ መጨረሻው አለ።

መጀመሪያ፦ ዝግጅቱ ለኮሜዲ ይሆናል ወይ?

ስታንድ አፕ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ አንድ ቀልደኛ፣ አንድ ማይክ፣ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው። ሦስተኛው ከሌለ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ኮክቴል ላይ እንግዳው ብርጭቆ ይዞ ቆሞ የሚያወራ ከሆነ ማንም ቀልደኛ አያሸንፈውም፤ ቀልድ መግቢያው ካልተሰማ መጨረሻው ትርጉም የለውም። ለእንዲህ ያለው ዝግጅት አዝማሪ ይሻላል። ማሲንቆውን ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል፣ በእንግዳው ስምና አለባበስ ላይ ግጥም ይደረድራል፣ የዚያኛው ጠረጴዛ ወሬ ለዚህኛው አያስቸግርም። ከ40 ሰው በታች ለሆነና ለተበታተነ ስብስብም ምክራችን ያው ነው።

ምን ዓይነት ኮሜዲ እንደምትፈልጉም ቀድማችሁ ለዩ። በካሴትና በቴሌቪዥን ዘመን ያደገ ታዳሚ ኮሜዲ ሲባል በአእምሮው የሚመጣው የሁለት ሰው ጭውውት ነው፤ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ያስለመዱት ማለት ነው። ወጣቱ ደግሞ ብቻውን ቆሞ የሚያወራ ሰው ይጠብቃል። ልዩነቱ የጣዕም ብቻ አይደለም፤ ጭውውት ሁለት ማይክ፣ ሰፋ ያለ መድረክ፣ አንዳንዴም ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይፈልጋል። ስትደውሉ «ብቻውን ነው? ሙዚቃ ያስገባል? ገጸ ባሕርይ ለብሶ ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ሳይጠየቅ ቀርቶ ማታ ላይ ሁለት ሰው አንድ ማይክ ሲቀባበል ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

ቀኑን ስትቆርጡ የጾሙንም የሐዘኑንም ነገር አስቡ። ሰሞነ ሕማማትን ተዉት። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ጭምር፣ የድርጅት ምሽት ማድረግ ይቻላል፤ የጾም ምግቡ ግን እንደ ዋናው ምግብ በስፋት ይዘጋጅ፣ የሚበላው አጥቶ የተቀመጠ ሰው አይስቅም። በረመዳን ከሆነ ዝግጅቱ ከማፍጠሪያ በኋላ ይጀመር። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው በቅርቡ ሞቶ 40 ቀኑ ካልወጣ ደግሞ ኮሜዲውን ማቆየት ነው። ባልደረቦቹ እየሳቁ እርስ በርስ ይተፋፈራሉ፣ ቀልደኛውም ለምን እንደታፈኑ ሳያውቅ ላብ በላብ ይሆናል።

ኮሜዲያኑን መምረጥ

የተከታይ ብዛት አያታልላችሁ። ቲክቶክ ላይ በ40 ሴኮንድ ቁራጭ ቪዲዮ የሚያስቅ ሰው 20 ደቂቃ መድረክ ላይ መቆም ይችላል ማለት አይደለም፤ ሙያው ሌላ ነው። ስለዚህ ያልተቆራረጠ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ የሚሆን የመድረክ ቪዲዮ ጠይቁ። ስታዩት እሱን ብቻ አትዩ፣ የታዳሚውን ሳቅ ስሙ። ሳቁ ከየት ይመጣል? ከፊት ካሉት ጓደኞቹ ብቻ ነው ወይስ ከአዳራሹ ጀርባም ይሰማል? በሁለት ሳቅ መካከል ያለው ዝምታ ከግማሽ ደቂቃ እየዘለለ ከሄደ ለድርጅት ታዳሚ ይከብዳል፤ ቲኬት ገዝቶ የመጣ ሰው ይታገሳል፣ አለቃው ስላዘዘው የመጣ ሰው ግን ስልኩን ያወጣል።

ቪዲዮው የማን ፊት እንደተሠራም ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አዳራሽ ያናወጠ ቀልድ ጡረታ የደረሱ የሒሳብ ሠራተኞች ባሉበት ጉድ ሊያፈላ ይችላል። ከተቻለ ከእናንተ አንድ ሰው ሄዶ በአካል ይየው።

ክፍያን በተመለከተ ቁርጥ ዋጋ የለም። የሚያስወድደው ቀኑ ነው (የጥር ቅዳሜና እሑድ፣ የዘመን መለወጫ ሰሞን)፣ ከከተማ ውጭ መሆኑ ነው፣ ስለ መሥሪያ ቤታችሁ አዲስ ቀልድ እንዲጽፍ መፈለጋችሁ ነው፣ ቪዲዮውን ለማስታወቂያ መጠቀማችሁም ነው። አራቱን ለየብቻ አስነግሩ። «ሁሉንም ጨምሮ» የሚባለው ዋጋ ኋላ ላይ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ውሉ

ገጽ ተኩል ይበቃል። መጠቀስ ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦

መድረክ ላይ የሚቆይበት ጊዜ። ለድርጅት ምሽት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ልኩ ነው። «አንድ ሰዓት ያዝናናልናል» ብለው የሚዋዋሉ አሉ፤ እራት በልቶ፣ ንግግር ሰምቶ፣ ሽልማት እየጠበቀ ያለ ሰው አንድ ሰዓት አይሰማም።

የሚወጣበት መስኮት። አንድ ሰዓት ብቻ አትጻፉ፣ «ከምሽቱ 2:30 እስከ 3:15 ባለው ጊዜ ውስጥ» በሉ። የእኛ ዝግጅት በሰዓቱ እንደማይጀምር ይታወቃል፤ ኮሜዲያኑም በሥራ በሚበዛበት ሰሞን በአንድ ምሽት ሁለት ቦታ ሊይዝ ይችላል። መስኮቱ ካለፈ ማን ምን እንደሚሆን ይጻፍ፦ እናንተ ካዘገያችሁት ሳይሠራ ቢሄድም ሙሉ ይከፈለዋል፣ እሱ ከዘገየ በየስንት ደቂቃው ስንት እንደሚቀነስ።

ቀብድና ቀሪ። የተለመደው ግማሹን በውሉ ቀን፣ ግማሹን መድረክ ከመውጣቱ በፊት ነው። ቀሪውን «ነገ ፋይናንስ ሲገባ» ማለት የሚወደድ ልማድ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ፊርማ ፍለጋ እንዳትሯሯጡ ዓርብ ላይ አስወጥታችሁ ያዙ።

ግብር። የምትነጋገሩት ዋጋ ከግብር በፊት ነው ወይስ በእጁ የሚደርሰው? ድርጅት እንደመሆናችሁ ቅድመ ግብር ቀንሳችሁ ታስቀራላችሁ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለሌለው የሚቀነሰው እጅግ ስለሚበዛ ቁጥሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል። ከሁሉ በላይ የሚያጣላው ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን በስልክ ሲነጋገሩ የየራሳቸውን ቁጥር ነው የሚያስቡት።

ቀረጻ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ በክዋኔው ላይ የራሱ መብት አለው። ቪዲዮግራፈር ስለከፈላችሁ ቀልዱ የእናንተ አይሆንም። ለኮሜዲያን ደግሞ ነገሩ የኑሮ ጉዳይ ነው፤ ዩትዩብ ላይ የተለቀቀ ቀልድ በሚቀጥለው አዳራሽ አያስቅም። ለውስጥ ማስታወሻ ብቻ ከሆነ እንደዚያው ይጻፍ። ስንት ደቂቃ፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚለጠፍም ይጠቀስ።

አንዲት ገጽ መረጃ

ከዝግጅቱ 10 ቀን ቀደም ብሎ ለኮሜዲያኑ የምትልኩት አንድ ገጽ ከዋጋው ግማሽ ያህል ይጠቅማል ብንል አላጋነንንም። አብዛኛው አዘጋጅ «ጨዋ ቀልድ ይሁን» ብሎ ያልፋል። ጨዋ ማለት ለእሱ ስድብ የሌለበት ሊሆን ይችላል፣ ለእናንተ ደግሞ ስለ ባልና ሚስት እንኳ የማያነሳ። በዝርዝር ጻፉ።

ገጹ ላይ የሚሰፍረው፦ ስንት ሰው እንደሚገኝ፣ ዕድሜው፣ ልጆች መኖር አለመኖራቸው፣ አማርኛ በደንብ የማይሰማ እንግዳ ስንት እንደሆነ፣ ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ። ቀጥሎ ወርቅ የሆነው ክፍል ይመጣል፦ ሠራተኛው ራሱ የሚያማው ነገር። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሦስተኛ ፎቅ ያለው አሳንሰር ከሰኔ ጀምሮ ቆሟል። የሰርቪሱ መኪና ቁጥር 4 ሁልጊዜ ያረፍዳል፣ ሹፌሩ ሲጠየቅ "መንገድ ነው" ይላል። ግዢ ክፍል ፕሮፎርማ ሦስት ካልሆነ እስክሪብቶም አይገዛም። የካፌው ሽሮ ቀጥኗል። አዲሱ የጣት አሻራ መፈረሚያ ከገባ ወዲህ ጠዋት 2:29 ላይ በር ላይ ሰልፍ አለ።»

ይህን የያዘ ኮሜዲያን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱን የራሱ ያደርገዋል። አዳራሹ «ማን ነገረው?» እያለ ይሳሳቃል። ከአምስት እስከ ስምንት እንዲህ ያለ ነጥብ ይበቃል። ሰበሰብን ብላችሁ ሰላሳ አትላኩ፣ የትኛው እንደሚያስቅ አይለይም።

በስም ሊቀለድባቸው የሚችሉ ሦስት ወይም አራት ሰዎችን አስፈቅዳችሁ ስማቸውን ጻፉ። ተጫዋችነታቸው የታወቀ፣ ሥልጣን ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። በአለቃ ላይ ሲቀለድ ሁሉም ይስቃል፤ በጽዳት ሠራተኛ ላይ ሲቀለድ ግን ሳቁ አፍ ላይ ይቀራል፣ የሳቀውም ራሱን ይታዘባል። ፈቃዱን ራሳችሁ ጠይቁ፤ «እሱ ምን ይለዋል፣ ጨዋታ ያውቃል» ብሎ ጓደኛው ቢመሰክርለት አይበቃም።

የተከለከለው ዝርዝርም በግልጽ ይቀመጥ፦ ብሔርና የብሔር አነጋገርን እየቀዱ መቀለድ፣ ሃይማኖት፣ የወቅቱ ፖለቲካና ጦርነት፣ የሴት አካል፣ አካል ጉዳት፣ በቅርቡ የተሰናበተ ሠራተኛ። የአነጋገር ዘዬን ማስመሰል ለረዥም ዘመን የአማርኛ ኮሜዲ ዋና ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን በአዳራሹ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ካሜራ ነው፣ ተቆርጦ የወጣ 15 ሴኮንድ መሥሪያ ቤቱን ነገ ጠዋት መግለጫ ያስጽፈዋል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም ሁለታችሁም ብታውቁት አይከፋም። ያም ሆኖ ክልከላው ከስድስትና ሰባት መስመር አይብለጥ። «ስለ ባንክ አትቀልድ፣ ስለ ትራንስፖርት አትቀልድ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አትቀልድ» ከተባለ ሰውዬው ስለ አየር ጠባይ አውርቶ ይወርዳል።

ቀልዱን አስቀድሞ በጽሑፍ አሳየን ማለትን አንመክርም። ቀልድ በወረቀት ላይ ሬሳ ነው፤ የሚያነበው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አንድ በአንድ ይሰርዘዋል። ርዕሶቹን በስልክ ማስነገር በቂ ነው።

አዳራሹ

ከሁሉ የሚከብደው ርቀት ነው። ለጭፈራ ተብሎ በመድረኩና በመጀመሪያው ጠረጴዛ መካከል 8 ሜትር ባዶ ወለል ይተዋል። ኮሜዲያኑ ያንን ባዶ ወለል አሻግሮ መጮኽ አለበት፣ ሳቁም እስኪመለስለት ይቀዘቅዛል። የፊተኛው ረድፍ ከመድረኩ ጠርዝ ከ2 እስከ 3 ሜትር ላይ ይሁን። የጭፈራው ቦታ የግድ ከሆነ ሁለት መፍትሔ አለ፦ ለኮሜዲው ሰዓት 30 ያህል ወንበር ወደ ባዶው ወለል አምጥታችሁ ወጣት ሠራተኞችን አስቀምጡ፤ ወይም ኮሜዲያኑ ከመድረኩ ወርዶ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባላት ትንሽ መድረክ ላይ ወለሉ ዳር ይቁም። ሁለተኛው ቀላል ነው፣ ግን መብራቱም አብሮት መውረዱን አረጋግጡ።

የመድረኩ ከፍታ ለ200 ሰው ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከአንድ ሜትር በላይ ከሆነ ሰባኪ ያስመስለዋል።

ክብ ጠረጴዛ ዙሪያውን 10 ሰው ከተቀመጠበት አራቱ ጀርባቸው ለመድረኩ ነው። ጀርባ የሰጠ ሰው ዞሮ ለማየት አንገቱን ያጣምማል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይሰለቸውና ወሬውን ይቀጥላል። በመድረኩ በኩል ያሉትን ሦስት ወንበሮች አንሱና ጠረጴዛውን የሰባት አድርጉት። ሆቴሉ ተጨማሪ ጠረጴዛ ስለሚያስከፍል ይህን ፕሮፎርማ ስታሰባስቡ አስገቡት። የማይቻል ከሆነ መድረክ መሪው ኮሜዲያኑን ከመጥራቱ በፊት «ወንበራችሁን ወደዚህ አዙሩ» ብሎ፣ እስኪዞሩ ድረስ ይጠብቅ። አንዲት ደቂቃ ናት፣ ግን የምሽቱን መልክ ትቀይራለች።

አሁን ወደ አለቆቹ ወንበር። የክብር ጠረጴዛ እንደ ልማዱ መሃል ፊት ለፊት ነው። ሠራተኛው ቀልድ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያየው መድረኩን ሳይሆን የሥራ አስኪያጁን ፊት ነው፤ እሳቸው ከሳቁ ይስቃል፣ ካልሳቁ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አለቆቹን ከፊት ረድፍ አታውጧቸው፣ ያስቀይማል፤ ግን ወደ ጎን ሰብሰብ አድርጓቸው፣ መሃሉን ለሠራተኛው ተዉት። በዚያ ላይ ሥራ አስኪያጁን በጨዋ ደንብ አነጋግሩ፦ «ጋሼ፣ በእርስዎ ላይም አንድ ሁለት ነገር ይጣላል፣ ቀድመው ቢስቁልን ሰዉ ይፈታል» ማለት ብቻ ነው። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል።

ድምፅ

እዚህ ላይ ረዘም ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ሳውንድ ሲስተም የሚስተካከለው ለዘፈን ነው። ለንግግር የሚሆነው ሌላ ነው።

ኤኮና ሪቨርብ (ድምፅን የሚያስተጋባው) ፈጽሞ ይዘጋ። ዘፋኝን የሚያሳምረው ጅራት የቀልዱን የመጨረሻ ቃል ከሚቀጥለው ጋር ያደባልቀዋል፤ ቀልዱ የሚመታው ደግሞ በዚያች በመጨረሻዋ ቃል ነው። ሳውንድማኑን «ኤኮ ቀንስ» አትበሉት፣ ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። «ይቺን ማይክ ደረቅ አድርጋት» በሉት፣ ቆማችሁም ስሙ።

ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ይቆረጥ፤ አለዚያ ትንፋሽና የእጅ ንክኪ ጉም ጉም ይላል። ዲጄው ባሱን ከፍቶ ከተወው ወንድ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ማይኩ ዳይናሚክ ዓይነት ይሁን፣ ሹር ኤስኤም 58 የሚባለው ወይም መሰሉ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ወይም ጆሮ ላይ የሚታሰረውን አትስጡት፤ ኮሜዲያን ማይኩን እያራቀና እያቀረበ ነው ድምፅ የሚሠራው። ገመድ አልባ ከሆነ አዲስ ባትሪ ከመውጣቱ በፊት ይግባ፣ ንግግር ሲደረግበት የዋለውን ባትሪ አትመኑት። ሁለተኛ፣ ባለ ገመድ ማይክ ተሰክቶና ተከፍቶ መድረኩ ዳር ይቀመጥ። ቀጥ ያለ የማይክ ማቆሚያም ይኑር፣ ክብ መቀመጫ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ ሦስት እግር ያለው ያደናቅፋል። ከጎኑ ትንሽ ከፍ ያለ ወንበር ወይም ጠረጴዛና አንድ ሃይላንድ ውሃ።

ስፒከሮቹ ከማይኩ ፊት፣ ከተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በላይ፣ 2 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይሁኑ። ከኋላው ከሆኑ ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማና ያፏጫል። የማይኩን ክብ ራስ በእጅ ሸፍኖ መያዝም ፉጨት ያመጣል፤ ይህን የሚያደርጉት በብዛት ተናጋሪ እንግዶች ናቸው። አዳራሹ ከ20 ሜትር በላይ ከረዘመ ከመሃል ጀምሮ ተጨማሪ ሁለት ስፒከር ያስፈልጋል፤ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 20 ሜትር ላይ ላለው ስፒከር 60 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ዲሌይ (ማዘግየት) ይሰጠው። ሳይሰጠው ከቀረ ኋላ የተቀመጠው ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል።

መብራት መጥፋት። ሆቴሉ ጄኔሬተር አለው፣ አምፖሉም በሴኮንዶች ውስጥ ይመለሳል። ዲጂታል ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያው) ግን ከጠፋ በኋላ እስኪነሳ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስድበታል፣ ያ ሁሉ ጊዜ ማይክ የለም። ሚክሰሩንና የገመድ አልባ ማይኩን መቀበያ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆየው) ላይ አድርጓቸው። ሁለቱ ብዙ ኃይል ስለማይፈልጉ ለቢሮ ኮምፒውተር የምትጠቀሙበት ይበቃል።

ፍተሻው እንግዳ ከመግባቱ አንድ ሰዓት በፊት ይሁን፣ በባዶ አዳራሽ። ሰው ሲሞላ ድምፁ ስለሚዋጥ ትንሽ ከፍ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ሳውንድማኑ ያውቃል፤ እናንተ ግን ከኋላ ግድግዳ ጥግ ቆማችሁ ስሙት።

መብራቱ አጭር ነው። ፊቱ ላይ ከግራና ከቀኝ የሚወርዱ ሁለት ነጭ መብራቶች፣ የሚሽከረከረው ባለ ቀለሙ ይጥፋ። ታዳሚው ያለበት ደብዘዝ ይበል እንጂ አይጨልም፤ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ይተኛል። ከጀርባው ያለው የኤልኢዲ ስክሪን የድርጅቱን አርማ ሳይንቀሳቀስ ያሳይ። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ዓይን ወደዚያ ይሄዳል።

መርሐ ግብሩ

ለ200 ሰው የሚሠራ አንድ ቅደም ተከተል፦ 12:30 እንግዳ መግባት፤ 1:15 ሁለት ንግግር፣ ሁለቱም አንድ ላይ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ፤ 1:30 እራት፤ 2:25 ሰሃን ማንሳት፤ 2:35 መድረክ መሪው ሰውን ይሰበስባል፤ 2:40 ኮሜዲ፤ 3:00 ሽልማት፤ 3:30 ባንድ ወይም ዲጄ።

እራቱ ለምን ያን ያህል ጊዜ ወሰደ ብትሉ፣ ከሁለት በኩል የሚነሳበት አንድ ቡፌ 200 ሰው ለማስተናገድ ከ30 ደቂቃ ያላነሰ ይፈልጋል፣ የመጨረሻው ሰው ደግሞ ተቀምጦ መብላት አለበት። ሁለት ቡፌ ካዘረጋችሁ 15 ደቂቃ ታተርፋላችሁ። ኮሜዲን ከእራቱ ጋር ማስኬድ ግን አይሞከር፤ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ጥብሱ እንዳያልቅበት ነው የሚያስበው።

ከሽልማቱ በፊት የሆነበት ምክንያት አለው። ሽልማት ከተሰጠ በኋላ የተሸለመው ፎቶ ይነሳል፣ ያልተሸለመው ያኮርፋል፣ ሩቅ ሰፈር የሚኖረው ሰርቪስ እንዳያመልጠው ይወጣል። ከሕሊና ጸሎት፣ ከሟች መታሰቢያ ወይም ከስፖንሰር ረዥም ቪዲዮ ቀጥሎም አታስገቡት። መጠጡ ገፍቶ ከሄደ በኋላም ዘግይቷል።

በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ውስጥ አስተናጋጅ ሰሃን አያነሳም፣ ጠርሙስ አይከፍትም። ቡናው በአዳራሹ ውስጥ የሚፈላ ከሆነ ሙቀጫው ቀድሞ ሥራውን ይጨርስ። ይህን ለሆቴሉ የአዳራሽ ኃላፊ በቃል ሳይሆን በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት፣ ማታ ደግሞ በአካል አስታውሱት፤ የቀን ተረኛው ለማታ ተረኛው አልነገረውም የሚባል ነገር አለ።

በምሽቱ

መድረክ መሪው ኮሜዲያኑን በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስገባው፦ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚታወቅ፣ ስሙን። «አሁን በሳቅ የሚገድላችሁን» ማለት ይቅር፣ ሰው እጁን አጣምሮ «እስቲ ግደለኝ» ይላል። መድረክ መሪው ራሱ ከመግቢያው ላይ ቀልድ መሞከሩም አይጠቅምም፤ ካልሳቀለት አዳራሹን ቀዝቃዛ አድርጎ ያስረክባል።

የሰዓት ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ። አምስት ደቂቃ ሲቀር ከአዳራሹ ጀርባ የስልክ መብራት ሁለቴ ብልጭ ማድረግ በቂ ነው። ወረቀት ይዞ ወደ መድረኩ መሄድ ታዳሚውን «ምን ተፈጠረ?» ያሰኘዋል። ፎቶ አንሺና ቪዲዮግራፈር ከጎን ይቁሙ፣ በመድረኩና በሰዉ መካከል አይመላለሱ፣ ፍላሽ ይዘጋ።

ሰክሮ የሚያቋርጥ እንግዳ ካለ ሁለት ጊዜ ለኮሜዲያኑ ተዉት፣ ሥራው ነው። ሦስተኛ ከሆነ ጥበቃ አትላኩ፤ ሰውየው ተሰደብኩ ብሎ ይብስበታል። የሚያከብረው ባልደረባው ከጎኑ ሄዶ ይቀመጥና «ና ውጭ አየር እንቀበል» ይበለው። ይህን የሚያደርገውን ሰው ከቀኑ ምረጡት።

ሰው ካልሳቀ በሦስተኛው ደቂቃ አትደናገጡ። ብዙ ታዳሚ እስኪሞቅ አምስት ስድስት ደቂቃ ይፈልጋል። እስከ ስምንተኛው ደቂቃ ካልተነሳ ኮሜዲያኑ ራሱ ወደ ጥሩ ቀልዱ ዘሎ እንዲያሳጥር የተስማማችሁበትን ምልክት ስጡት። ከወረደ በኋላ መድረክ መሪው «ዛሬ ሰዉ ደክሞታል» ብሎ ማስተባበል የለበትም፣ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

አንድ ቀልድ ሰው ካስቀየመስ? የተቀየመው አንድ ሰው ከሆነ አዘጋጁ በዚያው ምሽት፣ በግል፣ ዝቅ ብሎ ይቅርታ ይጠይቀው፤ ኮሜዲያኑም ቢቀርብ ይመረጣል። ማይክ ይዞ ይቅርታ መጠየቅ ያልሰማውንም ያሰማል። አዳራሹ በሙሉ ከተደናገጠ ግን መድረክ መሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ጠይቆ ይለፍ። ቪዲዮው ያን ክፍል እንደያዘ ለማንም አይላክ።

ሠርግ ላይ

ጊዜው ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይሁን፣ ሙሽሮቹ ገብተው ከተቀመጡና ሰው ከበላ በኋላ፣ ኬክ ከመቆረጡ በፊት። ከዋናው ሠርግ ይልቅ መልሱ ላይ የተሻለ ይሠራል፤ ሰዉ ያንሳል፣ ይተዋወቃል፣ ይዝናናል። መረጃውን ከሙሽራው ሳይሆን ከሚዜዎቹ ሰብስቡ፣ ሁለቱም ቤተሰብ የሚሰማው ከሆነ ግን ለአንድ ታላቅ አሳዩት። የድሮ ፍቅረኛ፣ የጥሎሽ መጠን፣ የአማች ነገር አይነሳ። ልጆች መድረክ ላይ መሮጣቸው አይቀርም፤ አንዲት አክስት ይመደቡላቸው።

ውጭ አገር ለሚደረጉ ዝግጅቶች

ዋሽንግተንና አካባቢው፣ በተለይም የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ውድድር በሚካሄድበት የአሜሪካ የነፃነት ቀን ሳምንት፣ ከአገር ቤት ኮሜዲያን ማምጣት የተለመደ ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ በክፍያ መሥራት አይፈቀድም። ለአርቲስቶች የሚያገለግለው የፒ ምድብ ቪዛ ነው፣ ማመልከቻውን የሚያስገባውም እዚያው ያለው አዘጋጅ ወይም ወኪል ነው። ወራት ስለሚወስድ ከፖስተር ኅትመት በፊት ይጀመር፤ ቪዛ ሳይወጣ ትኬት መሸጥ ገንዘብ ለመመለስ መዘጋጀት ነው።

ቀልዱም ይለወጣል። የአዲስ አበባ የዘንድሮ አራዳ ቋንቋ ከ20 ዓመት በፊት ለወጣ ሰው አይገባውም፤ እዚያ ለተወለደው ልጅ ደግሞ ፈጣን አማርኛ ራሱ ይከብደዋል። ለኮሜዲያኑ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መምጫ ስጡት፣ ፓርኪንጉን፣ ሐበሻ ምግብ ቤቱን፣ የኡበር ሹፌሩን፣ ማታ ማታ ከአገር ቤት የሚመጣውን የ«ላክልኝ» ስልክ ያሳየው ሰው ይኑር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመዝናኛ ዝግጅት የመንግሥት ፈቃድ ይጠየቃል፤ የአዳራሹ ባለቤት ወይም ፈቃድ ያለው አዘጋጅ ስለሚያወጣው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ማን እንደሚያወጣው በጽሑፍ ይሁን። እዚያ የሚሠሩ እህቶቻችን የዕረፍት ቀናቸው የተወሰነ ነውና ዝግጅቱን በቀን አድርጉት፣ መመለሻ ትራንስፖርቱንም ከቲኬቱ ዋጋ ጋር አስሉት።